በቅል የተሰጠን ውሃ

(እዚሁ ጎንደር በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙዎቻችሁ ጽሑፉን ስለጠየቃችሁኝ፣ ብዙም ሳልነካካው እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ እንዴት ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ታክሲ ጠፍቶባችሁ ከአዘዞ በእግር የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። አትፈሩ።

ርዕሱ ሲሰጠኝ «ክርስትናና የብሔር ነገር» ነው ያሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ዛሬ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የተናገረ ሰው በማግስቱ ይፈረጃል። የእገሌ ወገን ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ በስተርጅና ምን አገባኝ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካልተነጋገርንበት የት ልንነጋገርበት ነው? ፌስቡክ ላይ?

ስለዚህ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ሐዋርያት የወገን ቅሬታ ሲመጣባቸው ምን አደረጉ? ሁለተኛ፣ እኛስ ምን አድርገናል? ሦስተኛ፣ እርቅ እንዴት ነው የሚወርደው? ከሦስቱ በፊት ግን አንድ የልጅነት ታሪክ ላጫውታችሁ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አያቴ ምጣድ ልትገዛ ወለቃ ይዛኝ ሄደች። ወለቃን ታውቋታላችሁ፣ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለችው። አሁን ቱሪስት መኪናውን አቁሞ ትንንሽ የሸክላ ምስል የሚገዛባት መንደር ናት። ያኔ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩባት ነበር። እኛ በዚህ ስም አንጠራቸውም ነበር። የምንጠራቸው እነሱ በማይወዱት ስም ነው፣ «ፈላሻ» ብለን።

ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ትሠራለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ጭቃውን እንደ ገመድ ታድቦለቡለዋለች፣ ትደራርበዋለች፣ በጣቷ ታያይዘዋለች፣ በእርጥብ የቆዳ ቁራጭ ታለሰልሰዋለች። እኔ ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ጥፍሮቿ ሥር ጭቃ ደርቋል። የአውራ ጣቷ ጫፍ ሸክላ ከመጥረግ ብዛት ለስልሶ ያበራል። አያቴን «አንቱ» ትላታለች። አያቴ ደግሞ «አንቺ» ትላታለች። እድሜያቸው እኩል ነበር፣ እንዲያውም ሴትየዋ ሳትበልጥ አትቀርም።

ፀሐዩ በረታብኝ። ሳልጠይቃት ወደ ቤት ገባችና በቅል ውሃ ይዛልኝ ወጣች። በሁለት እጇ ነው የሰጠችኝ። አያቴ ቀድማ ተቀበለቻት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዘወር ብላ ትጠጣ» አለች። ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሰችው። ቅሉን አራገፈችና መለሰችላት።

መንገድ ላይ «ለምን ደፋሽው?» አልኳት። «ዝም በይ፣ ቡዳ ናት» አለችኝ። ሌሊት ጅብ ሆነው እንደሚያድሩ ነገረችኝ።

ቤት ስንደርስ ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሸችው። በማግስቱ ጋገረችበት። በላን። ያ እጅ የዳበሰውን ምጣድ ተቀብለን እንጀራ በላንበት። ያ እጅ የሰጠንን ውሃ ግን አፈሰስን።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ቁስቋም ቅዳሴ አታስታጉልም። ለማኝ ባዶ እጁን ከደጇ አይመለስም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁልኛል? ስተርክ «ሰጠችኝ»፣ «ገባች» እያልኩ ነው። አያቴን «አለች» የምላት ስለምወዳት ነው። ሴትየዋን ግን «ሰጡኝ»፣ «ገቡ» ማለት ነበረብኝ። ይኸው ስንት ዓመት፣ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡልኝ። ጰራቅሊጦስ ምዕራፍ 2 ላይ ነው። መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ ሁሉም በየቋንቋው ሰማ። ልብ በሉ፣ እግዚአብሔር ሁሉንም አንድ ቋንቋ አላናገራቸውም። የጳርቴው በጳርቴ ቋንቋ፣ የግብፁ በግብፅ ቋንቋ ሰማ። እንግዲህ ይህ ሆኖ አራት ምዕራፍ ሳይሄድ ጠብ ተነሣ። በምን ይመስላችኋል? በዶግማ? በሥርዓት? አይደለም። በማዕድ ነው። በየቀኑ ምግብ ሲታደል ግሪክኛ የሚናገሩት ባልቴቶች ተዘለሉ። የአገሬው ባልቴቶች ይደርሳቸዋል፣ እነሱን ግን ይዘሏቸዋል።

አሁን እኔ ልጠይቃችሁ። ሐዋርያት «ሁላችንም በክርስቶስ አንድ ነን፣ እባካችሁ የወገን ነገር አታንሡብን» ማለት ያቅታቸው ነበር? «ጸልዩበት» ማለት ያቅታቸው ነበር? አላሉም። ሕዝቡን ሰበሰቡ። ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱን ስም ስሙ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ የአንጾኪያው ኒቆላዎስ። ሰባቱም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው ከማን መጣ? ከግሪክኛ ተናጋሪዎቹ። ማዕዱ ለማን ተሰጠ? የግሪክ ስም ላላቸው ሰዎች። ሐዋርያት ቅሬታውን ሰምተው ብቻ ዝም አላሉም። ጭልፋውን አስረከቡ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ነገር አለ። ስናነበው ግን እናልፈዋለን። በሁለተኛ ደረጃ የተጠራው ፊልጶስ ምዕራፍ 8 ላይ ምን ሲያደርግ ታገኙታላችሁ? በጋዛ መንገድ ከአንድ ሠረገላ ጎን ይሮጣል። ሠረገላው ላይ የህንደኬ ጃንደረባ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። የእኛ ሰው! ያጠመቀው ማዕድ ላይ የተሾመው ያው ፊልጶስ ነው። የዚያች የተዘለለች ባልቴት ጩኸት ባይሰማ ፊልጶስ ባልተሾመ ነበር። በጃንደረባው እንኮራለን፣ ደግሞም ያኮራል። ግን ያ ጥምቀት የመጣው የወገን ቅሬታን በትክክል ከሰማች ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሌላም የምንኮራበት ቃል አለ። አሞጽ 9፥7። «የእስራኤል ልጆች ሆይ፣ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ቲሸርት ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ። ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ሰው ነው? እስራኤልን ከግብፅ ያወጣሁ፣ ፍልስጥኤማውያንንም ከከፍቶር፣ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣሁ እኔ ነኝ ነው የሚለው። ፍልስጥኤማውያን እኮ የእስራኤል ጠላቶች ናቸው! ቃሉ የተነገረው እኛን ለይቶ ለማንገሥ አይደለም። ጠላቴ የምትለውንም ሕዝብ በመንገዱ የመራሁት እኔ ነኝ እያለ ነው።

ስለ ቋንቋ አንዲት ነገር ልጨምር። በወጣትነቴ ወለጋ ተመድቤ አስተምሬያለሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ የሚቆሙ አንድ አዛውንት እናት ነበሩ። ስብከቱ በአማርኛ ነው። እሳቸው አማርኛ አይሰሙም። የልጅ ልጃቸው በጆሯቸው እያንሾካሾከ ያስተረጉምላቸዋል። ልጁ የመጣበትን ቀን እንጂ ያልመጣበትን ቀን ቆመው ብቻ ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን አባታችን ሆይን በኦሮምኛ ሲደግሙ ሰማኋቸው። እንባቸው ይወርዳል። እኔ በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እግዚአብሔር በዚህም ይሰማል?» አልኩ። የጰራቅሊጦስን ምንባብ በቃሌ የማውቅ ሰው ነበርኩ።

ሁለተኛው ነጥብ። እኛ ምን አድርገናል?

ከሩቅ ልጀምር፣ ከሩቅ ሲታይ ይቀላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1857 ሲኖዶስ ተቀምጣ አንድ ነገር ወሰነች። ጥቁሩም ነጩም በአንድ ጉባኤ ቢያመልክ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው አለች። ነገር ግን «ስለ አንዳንዶች ድካም» ሲባል ተለይተው ማምለክ ይችላሉ አለች። እዩት እንግዲህ። ትክክሉን ያውቁታል። ጽፈውታል። ከዚያ ለአንዳንዶች ድካም በሩን ከፈቱ። ያ ድካም እያደገ ሄደ። ለብቻ ጉባኤ፣ ለብቻ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፓርታይድ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። መነሻው የጌታ ማዕድ ላይ የተፈቀደች ትንሽ ቦታ መለየት ነበረች።

አሜሪካም ያው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የምትባል አለች። አዎ፣ በእኛ ስም! በ1808 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተችው። ታሪኳ እንደሚለው ጥቁር አማኞች የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለብቻ ተለይተው እንዲቀመጡ ስለተደረጉ ጥለው ወጡ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያውያን መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል። አስቡት፣ ከአገሩ ርቆ የሄደ ሰው ጌታን ሊያመልክ ገብቶ «አንተ እዚያ ማዶ ተቀመጥ» ሲባል። ደማችሁ አይፈላም? የእኔ ይፈላል።

ሩዋንዳን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፣ አልችለውም። በ1994 እ.ኤ.አ. በመቶ ቀን ውስጥ ወደ 800 ሺህ ሰው አለቀ፣ አገሩ ደግሞ አብዛኛው ክርስቲያን ነበር፣ ብዙዎቹም የተገደሉት ሊጠለሉ በገቡባቸው አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ኒውዮርክ ላይ የፈላው ደማችን እዚህም ይፍላ።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ከወጉ በኋላ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» ብለው አወጁ ተብሎ ይነገራል። ፈላሲ ማለት አገር የሌለው ስደተኛ ነው። ያ ስድብ የምንለው ስም ከየት እንደመጣ ያዛችሁልኝ? ርስቱን ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ማረስ አይችልም። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸክላ ሠራ፣ ድንጋይ ጠረበ፣ ሸመነ። ጎንደር ስትቆረቆር ግንብ የገነቡት፣ እንጨቱን የጠረቡት እጆች ብዙዎቹ የእነሱ ናቸው። እኛ የፋሲልን ግንብ እያሳየን እንግዳ እናስጎበኛለን። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. መዘገበልን ብለን እንኮራለን። የገነባውን እጅ ግን ቡዳ አልነው። መጀመሪያ መሬቱን ነሣነው። ቀጥለን በእጅ ሥራው ሰደብነው። ከዚያ ስድቡን ሃይማኖት አስመሰልነው።

በ1668 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚሁ በከተማችን በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጉባኤ ተቀመጠ። ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ተወሰነ። እኚህ ንጉሥ እኮ «ጻድቁ ዮሐንስ» ይባላሉ። እንደ አያቴ ነው። ጾም አለ፣ ጸሎት አለ፣ ጽድቅ የሚባል አለ፣ ከዚያ ጎረቤትን ማራቅ አለ።

አንድ ነገር አልደብቃችሁም። ቤተ እስራኤሎችም የራሳቸው የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው። ከእኛ ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ ነበር። «እነሱም እኮ...» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን መሬቱ በማን እጅ ነበር? ዙፋኑ በማን እጅ ነበር? ጉልበት ያለውና ጉልበት የሌለው ሲራራቁ እኩል አይራራቁም። ደግሞ ያን ቀን ቅሉን ያቀረቡልኝ እሳቸው ናቸው።

«ባሪያ» የምንለውስ? ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን አልተሻረም። ልጆች፣ እናንተ ራሳችሁ በጨዋታ መሐል የጠቆረ ጓደኛችሁን ስትጠሩበት ሰምቻለሁ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክስ? ሰባት ቤት ይቆጠራል። አጥንቱ ምንድን ነው ይባላል። እኔ የማውቃቸው፣ አንድ ቅዳሴ አስቀድሰው አንድ ጽዋ የተቀበሉ፣ «ቤተሰቡ እጅ ሠሪ ነው» ተብሎ የተለያዩ ሁለት ልጆች አሉ። ልጅቷ እስካሁን አላገባችም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ታውቃላችሁ። ልጅ ሆነን የመላእክቱን ፊት ቆጥረን አንጨርሰውም ነበር። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ከየአቅጣጫው ያዩናል። እንወዳቸዋለን። ከዚያ ወጥተን የአንዲት ሸክላ ሠሪ ዓይን እንዳያየን ልጆቻችንን እንሸፍናለን።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። ይሄ የአያቴ አይደለም፣ የራሴ ነው።

የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በ21 ተራ እየገባን እንዘክራለን። ከመካከላችን አንዲት ትግራዋይ እኅት ነበረች። ሃያ ዓመት አብረን ጠጥተናል። የልጄን ጡት ማስጣያ ቅመም ያዘጋጀችልኝ እሷ ናት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ማይካድራ ላይ ያለቁትን ወገኖቻችንን ሰማን። ከተማው በሐዘን ተመታ። እኔም አለቀስኩ። ኅዳር ጽዮን ደረሰ፣ ማኅበራችን ተሰበሰበ። እሷ አልመጣችም። እንዴት ቀረች ያለ የለም። እናቷ አክሱም ነው ያሉት። ስልክ ተቋርጧል። ይሙቱ ይኑሩ አታውቅም። ታኅሣሥ መጣ። ጥር መጣ። ቤቷ ከቤቴ አራት በር ነው። አላንኳኳሁም።

ማን ከለከለኝ? ማንም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። «ስለ አንዳንዶች ድካም» አልኳችሁ አይደል? እኔ ነኝ ያቺ ደካማ።

በአምስተኛው ወር በ21 ከማኅበሩ ዳቦ ቆርሼ ይዤ ሄድኩ። በሩን ከፈተች። አላቀፈችኝም። ግቢም አላለችኝም። ከጀርባዋ ረከቦቱ ላይ ስኒ ተደርድሮ ይታየኛል፣ ስምንት ስኒ። እኛ ስምንት ነን። «በየወሩ በ21 እንዲህ ደርድሬ እጠብቃችሁ ነበር» አለችኝ።

(እዚህ ላይ ትንሽ ዝም አልኩ። ውሃ ሰጡኝ።)

ሦስተኛው ነጥብ፣ እርቅ።

ኤርምያስ 6፥14 ላይ «ሰላም ሳይሆን ሰላም፣ ሰላም እያሉ የሕዝቤን ስብራት በጥቂቱ ይፈውሳሉ» ይላል። በጥቂቱ! እኛ እርቅ ስንል ብዙ ጊዜ ይህን ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንላለን፣ መስቀል እንሳለማለን፣ እንበላለን፣ አለቀ። አባቶቻችን እንኳ ይህን እርቅ አይሉትም ነበር። በአገራችን ደም ሲፈስ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ካህኑ መስቀል ይዞ ይቀመጣል። ያጠፋው ጥፋቱን በአፉ ይናገራል። ካሳ ይቆረጣል። ከዚያ ነው አብሮ የሚበላው። ማዕዱ መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ማዕዱን መጀመሪያ እያመጣን ነው ደሙ የማይደርቀው።

ዘኬዎስን ተመልከቱ። ጌታ ቤቱ ገባ። ዘኬዎስ ተነሥቶ ቆመና ምን አለ? «ያለኝን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ።» ጌታ «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው መቼ ነው? ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

የእቁብ ነገር ላንሣላችሁ። ያች እኅታችን በእቁባችንም ነበረች። ጦርነቱ ሲጀመር ተራዋ ደርሶ ነበር። 18 ሺህ ብር። ገንዘቡ «ለጊዜው» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሽማግሌ ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። አዳመጠችን። «ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላ «የእቁብ ገንዘቤስ?» አለች። አንዳንዶቻችን ተቀየምን። ከወጣን በኋላ «ይቅርታ ተጠይቃ ስለ ብር ታወራለች እንዴ?» ያሉ ነበሩ። እኔም ለአፍታ እንደዚያ ተሰማኝ። ከዚያ የሐዋርያት ሥራ 6 ትዝ አለኝ። ባልቴቶቹስ የጠየቁት ምን ነበር? ድርሻቸውን አይደለም? አሰባስበን ከፈልን። ወራት ፈጀ። የመጨረሻው ብር የተሰጣት ቀን ነው ቡናዋን ያፈላችልን። ስምንቱ ስኒ ያን ቀን ሞላ።

ደቡብ አፍሪካዎች በአቡነ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን አቋቁመው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደባባይ ተደማመጡ። ገዳይ ተናገረ፣ እናት ሰማች። ትልቅ ነገር ነው። ግን ለተጎጂዎች በ2003 እ.ኤ.አ. የተሰጠው የአንድ ጊዜ 30 ሺህ ራንድ ነበር፣ ኮሚሽኑ ሐሳብ ካቀረበበት በጣም ያነሰ። ዛሬም ድረስ ቅሬታው አለ። እውነቱ ወጣ፣ ካሳው ዘገየ። በእኛም አገር የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። የመንግሥት ድርሻ ለመንግሥት ነው፣ እንጠይቅበታለን። አራት በር ርቀት ላይ ያለውን ግን መንግሥት አያንኳኳልንም።

በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይላል፣ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። ምን እናደርጋለን? ወደ ቀኝ ጎንበስ፣ ወደ ግራ ጎንበስ። ስንት ጊዜ ቀና ብለን ያጎነበስንለት ሰው ማን እንደሆነ አይተናል? ማቴዎስ 5 ደግሞ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ መባህን እዚያው ተውና ሂድ ይላል። እሱ በአንተ ላይ ካለው ነው የሚለው! የተቀየምከውን ፈልግ አይደለም፣ የተቀየመህን ፈልግ ነው።

አሁን ልጨርስ ነው፣ ሰዓቱም ሄዷል። ዮሐንስ ምዕራፍ 4። ጌታ በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ። አይሁድና ሳምራውያን አይተባበሩም፣ በአንድ ዕቃ አይጠጡም። ሴቲቱ መጣች። ጌታ ምን አላት? «እኔ ልስጥሽ» ብሎ አልጀመረም። «ውሃ አጠጪኝ» አላት። ለመነ! ሰው የሚጸየፈውን ማድጋ ለመነ። እኛ እርቅ ስናስብ ሁሌ ሰጪ መሆን እንፈልጋለን። እርዳታ እንሰጣለን፣ ምክር እንሰጣለን፣ ይቅርታ እንሰጣለን። የናቅነውን እጅ መለመን ነው የሚያቅተን።

ያች የልጅነቴ ሸክላ ሠሪ፣ ይቅርታ፣ እኚያ ሸክላ ሠሪ፣ አሁን የሉም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤሎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ የወለቃም ሰዎች ነበሩበት። ይቅርታ ልጠይቃቸው አልችልም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም ነበር። ወለቃ ላይ ግን ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ እንደ እኛው ክርስቲያኖች ናቸው። ቡዳ መባሉ ግን ከሥራው ጋር ተላልፎላቸዋል።

ባለፈው ወር ሄድኩ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ጀበና ይሠራሉ። ጥፍራቸው ሥር ጭቃ ደርቋል። ጀበና ገዛሁ። ከዚያ «እናቴ፣ ውሃ ያጠጡኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ልጃቸውን ሊጠሩ ተነሡ። «ከሱቅ ሃይላንድ ላስመጣልዎት?» አሉኝ።

የታሸገ ውሃ! ስንቱ ሰው ውሃቸውን ደፍቶ ቢሄድ ነው?

«አይ፣ ከእርስዎ ቤት» አልኳቸው።

ገቡ። ከእንስራው ቀድተው ይዘው ወጡ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እዚያው ፊታቸው ጠጣሁ። እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ዕቃውን ተቀበሉኝ፣ ወደ ውስጡ ተመለከቱ፣ ባዶ ነው።

«ልድገምልዎት?» አሉኝ።

«ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።